በሊኑክስ የፕሮሰሰር ኮሮችን ለአንድ የፕሮሰስ ቡድን ብቻ መመደብ

ሲፒዩሴት የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ፕሮሰሶችን፣ ማለትም በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን፣ በቡድን ለይቶ፣ እያንዳንዱ ቡድን በየትኞቹ ኮሮች (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች) ላይ እንደሚሠራና ሜሞሪውን ከየትኛው የማሽኑ ክፍል እንደሚያገኝ የሚወስንበት ዘዴ ነው። ቡልና ኤስጂአይ የተባሉት ኩባንያዎች ብዙ ፕሮሰሰር ለተሸከሙ ትልልቅ ማሽኖች ያዘጋጁት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የ2.6.12 ከርነል ውስጥ ተካተተ፤ በ2008 የፕሮሰስ ቡድኖችን የሀብት አጠቃቀም የሚቆጣጠረው ሲግሩፕ ከ2.6.24 ጋር ሲመጣም ከእርሱ ሥር ገባ።

በመጀመሪያው አሠራር ኮሮችን ለአንድ ቡድን «ብቻ» የሚያደርግ ምልክት ነበረ። ስሙ ከሥራው የገዘፈ ነበር ማለት ይቻላል፤ ምልክቱ የሚከለክለው በአንድ ወላጅ ሥር ያሉ እኩያ ቡድኖች አንድን ኮር እንዳይጋሩ እንጂ፣ በወላጁ ቡድን ውስጥ የቀሩት ፕሮሰሶች እንዳይገቡበት አልነበረም። ወንድማማቾች ማሳቸውን ድንበር ቢያበጁለትም፣ አባትየው በሬውን በሁሉም ላይ ያሰማራ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2019 በ5.0 ከርነል የሲግሩፕ ሁለተኛ ትውልድ ሲፒዩሴትን ሲቀበል፣ ይህን ጉድለት የሚሞላው «ፓርቲሽን» አብሮ መጣ። አንድ ቡድን ፓርቲሽን ሲሆን የወሰዳቸው ኮሮች ከወላጁ ላይ ይቀነሳሉ፤ ፕሮሰሶችን በኮሮች ላይ የሚያሰማራው ስኬጁለርም ጫና ሲያመጣጥን ወሰኑን አይሻገርም። በ6.1 የተጨመረው «የተነጠለ» ዓይነት በፓርቲሽኑ ውስጥ እንኳ ጫና ማመጣጠኑን ስለሚያስቀር፣ እያንዳንዱን ፕሮሰስ ለየኮሩ የማሰሩ ሥራ በአስተዳዳሪው ላይ ይወድቃል። ፓርቲሽን የሚሆን ቡድን ወላጁም ፓርቲሽን መሆን ነበረበት፤ ይህ ግዴታ በ6.7 ላላ።

ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላ ነገር አለ። ቅድመ ሁኔታው ሲጓደል፣ ለምሳሌ የተመደቡት ኮሮች በሙሉ ከሥራ ውጭ ሲሆኑ፣ ከርነሉ ፓርቲሽኑን «ዋጋ የሌለው» ብሎ ይመዘግባል፤ ፕሮሰሶቹ ግን መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። ስለዚህ ትእዛዙን በፓርቲሽኑ መቆጣጠሪያ ፋይል ላይ ጽፎ ይዘቱን መልሶ የማያነብ አስተዳዳሪ፣ የሌለውን ብቸኝነት እንዳለው አድርጎ ሊኖር ይችላል።

ፓርቲሽኑ በትክክል ሲቆምም ቢሆን፣ ለየኮሩ የተመደቡ የከርነል ክሮች (የከርነሉ የራሱ ሥራዎች) ከቦታቸው አይነሡም፤ የሃርድዌር ማቋረጫዎችም (መሣሪያዎች ፕሮሰሰሩን የሚጠሩባቸው ምልክቶች) የት እንደሚያርፉ በሌላ መንገድ ይወሰናል። ሁለት ሎጂካዊ ፕሮሰሰሮች (ስርዓቱ እንደ ተለያዩ ፕሮሰሰሮች የሚያያቸው) አንድ ኮር የሚጋሩ ከሆነ ደግሞ፣ አንዱን ለአንድ ቡድን ሌላውን ለሌላው መስጠት በወረቀት እንጂ በሲሊከን ላይ መለያየት አይደለም። ኮንቴይነሮችን፣ ማለትም ለየብቻ ታሽገው የሚሠሩ ፕሮግራሞችን፣ የሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ የቋሚ ምደባ ፖሊሲው ሲበራ፣ ሙሉ የሀብት ዋስትና ላላቸውና ፕሮሰሰር በሙሉ ቁጥር ለሚጠይቁ ኮንቴይነሮች ብቸኛ ኮር ይሰጣል፤ ሆኖም ብቸኝነቱ ከሌሎች ፖዶች (የኮንቴይነር ስብስቦች) ነው እንጂ፣ የማሽኑ የራሱ አገልግሎቶች በእነዚያው ኮሮች ላይ መሥራት ይችላሉ።