ኦብጀክቱ ለምን ሌላ ቦታ ተገኘ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ጌም የሚሠሩ ወጣቶችን ደጋግሞ የሚያስጨንቅ ነገር አለ። ሰፈራቸውን ዩኒቲ በተባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ይሠራሉ፣ አንድ ኦብጀክት (ጌሙ ውስጥ ያለ ነገር)፣ ለምሳሌ ሚኒባሷን፣ ጊዮርጊስ ጋ ያቆማሉ፣ ጌሙን ለማስጀመር ፕሌይ ሲሉ ሌላ ቦታ ትገኛለች። ብዙዎች ወዲያው ሶፍትዌሩን ይጠረጥራሉ። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ከሚከተሉት የተሳሳቱ ግምቶች አንዱ ነው።

«ኢንስፔክተር ላይ ያለው ቁጥር ኦብጀክቱ ያለበት ቦታ ነው።»

ፓረንት (እሱን ይዞ የሚንቀሳቀስ የበላይ ኦብጀክት) ካለው አይደለም። ኢንስፔክተሩ (የመረጣችሁት ኦብጀክት ቁጥሮች የሚታዩበት የዩኒቲ መስኮት) የሚያሳየው ከፓረንቱ አንጻር ያለውን ነው። ስክሪፕት (ኮድ) ላይ ፖዚሽን ስትሉ ግን የሚለካው ከዓለሙ መነሻ (0፣ 0፣ 0) ነው። «ወረድ ብሎ በስተቀኝ» ቢሏችሁ ከየት ተነስታችሁ እንደምትወርዱ ሳታውቁ አትደርሱም።

የሚኒባሷን ረዳት እንውሰድ። የሚኒባሷ ቻይልድ ነው፣ ማለትም እሷ ፓረንቱ ናት፤ በሩ ጋ እንዲቆም 1፣ 0፣ 0 ሰጣችሁት። በሎካል ፖዚሽን (ከፓረንቱ በሚለካው ቦታ) ከሆነ ከጎኗ ይቆማል። በፖዚሽን ከሆነ ግን እሷ ቸርችል ጎዳና ላይ ሆና እሱ ዓለሙ መነሻ ጋ ይገኛል። የሚገርመው፣ መኪናዋ ስትነሳ እሱም ከሩቅ አብሯት ይሄዳል! ይህን ካያችሁ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። የፓረንቱን ስኬልም (የመጠን ማባዣ) እዩ፤ 2 ከሆነ የሎካል 1 በዓለሙ 2 ይሆናል። የፖዚሽኑንና የሎካል ፖዚሽኑን ቁጥር በዲበግ ሎግ (ቁጥር በሚያሳይ የኮድ ትእዛዝ) አሳትሙና አስተያዩ።

«ቦታውን የሚቀይረው የኔ ስክሪፕት ብቻ ነው።»

አኒሜሽኑ ውስጥ የቦታ ለውጥ ከተቀዳ፣ አኒሜተሩ (አኒሜሽኑን የሚያጫውተው ክፍል) ከአፕዴት (በየፍሬሙ ከሚሠራው የኮዳችሁ ክፍል) በኋላ መጥቶ የናንተን ቁጥር ይሽረዋል። አኒሜተሩን ለጊዜው አጥፍታችሁ ሞክሩ። ችግሩ ከጠፋ ኦብጀክቱን ባዶ ፓረንት ስር አስገቡና ፓረንቱን አንቀሳቅሱ። እኔ ይህን በሌትአፕዴት (ከአኒሜተሩ በኋላ በሚሠራው የኮድ ክፍል) ቁጥሩን መልሶ ከማስቀመጥ እመርጣለሁ፤ በኋላ ኮዱን ለሚያነብ ሰው ግልጽ ነው። ሪጂድቦዲ (በፊዚክስ እንዲገዛ የሚያደርገው ክፍል) ያለውን ኦብጀክት ደግሞ በፊክስድ አፕዴት (ከፊዚክሱ ስሌት ጋር በሚሠራው የኮድ ክፍል) ውስጥ በሙቭ ፖዚሽን ትእዛዝ አንቀሳቅሱት።

«ማውስ የነካሁበት ላይ ያስቀመጥኩት ጠፋ።»

አልጠፋም፣ ካሜራው ውስጥ ነው። የማውስ ቦታ ዜድ (የጥልቀት ቁጥሩ) 0 ነው። ፐርስፔክቲቭ ካሜራ (ሩቁን አሳንሶ የሚያሳይ) ላይ፣ የስክሪን ነጥብን ወደ ዓለሙ ቦታ የሚቀይረው ስክሪን ቱ ወርልድ ፖይንት በዜድ 0 የሚመልሰው የካሜራውን የራሱን ቦታ ነው። ዜድ ላይ ከካሜራው ያለውን ርቀት ስጡት።

«ሞዴሉ ተበላሽቷል።»

የምኒልክ ሐውልት እስከ ግማሹ መሬት ውስጥ ከሰመጠ ሞዴሉ ደህና ነው፤ ፒቮቱ (ቦታው የሚለካበት የሞዴሉ ነጥብ) መሃል ላይ ስለሆነ ነው። ብሌንደር (ሞዴል መሥሪያ ሶፍትዌር) ላይ ኦሪጂኑን፣ ማለትም ፒቮት የሚሆነውን ነጥብ፣ ወደ ታች አውርዱና እንደገና ኤክስፖርት አድርጉ።