«ጥሩ ሚስት፣ ብልህ እናት» የማን አባባል ነው?

ሰሞኑን ፌስቡክ ላይ አንድ ምስል ሲዞር አየሁ። የጥንቱ ቻይናዊ ፈላስፋ የኮንፊሽየስ ሥዕል ሥር «ጥሩ ሚስት፣ ብልህ እናት» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ በታች ደግሞ «ሴት ልጅ ትምህርት ምን ያደርግላታል?» የሚል ምክር ተለጥፏል። በጣም ከነከነኝ።

አባባሉ ኮንፊሽየስን አያውቀውም። የሜጂ ዘመን (ከ1868 እስከ 1912 እ.ኤ.አ.) ጃፓን ልጅ ነው። ናካሙራ ማሳናኦ የተባለ ምሁር በ1875 እ.ኤ.አ. ሕዝብ እንዲለወጥ እናቶች መማር አለባቸው ብሎ ጻፈ። ሐሳቡ ውሎ አድሮ የጃፓን ሴት ተማሪ ቤቶች መፈክር ሆነ። በ1899 ቶኪዮ ላይ ጂሰን የተባለውን የሴቶች ትምህርት ቤት የከፈተችው ሺሞዳ ኡታኮ ቻይናውያን ልጃገረዶችንም ተቀበለች። በ1905 ከሁናን ግዛት 20 ሴቶች በመንግሥት ወጪ መጡላት። ጃፓናዊቷ መምህርት ካዋሃራ ሚሳኮ ደግሞ በ1902 ሻንጋይ ሄዳ ዉበን በሚባለው የሴቶች ትምህርት ቤት አስተማረች።

ቻይና ውስጥ ግን «ሴት ሙያዋ አለማወቋ ነው» የሚል አባባል ሥር ሰዶ ነበር። የእኛው «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ዘመድ ነው። ታዲያ የባሕር ማዶው መፈክር እንዴት ሰው ጆሮ ገባ?

የእኔ ግምት መልሱ ያለው ሐር ትል ቤት ውስጥ ነው። ከሻንጋይ ብዙ በማይርቁት የሐር መንደሮች፣ በጸደይ የቤቱ አዛዥ ሴቲቱ ነበረች። የትሉ እንቁላል የተጣበቀበትን ወረቀት ብብቷ ሥር አድርጋ በገላዋ ሙቀት ታስፈለፍላለች። ከዚያ ቀን ከሌሊት የመልበሪ (የሐር ትል የሚመገበው ዛፍ) ቅጠል ማቅረብ ነው። ቅጠሉ እርጥብ ከሆነ ትሉ ይታመማል፤ ዝናብ ሲጥል አድርቃ ትሰጠዋለች። ትሉ አራት ጊዜ ቆዳውን ሲለውጥ መብላት ያቆማል። መቼ እንደሚነቃ የምታውቀው እሷ ናት። በነዚያ ሳምንታት በር ይዘጋል፤ ጎረቤት እንኳ አይጠያየቅም። ይህን ሁሉ እናት ለልጇ ታስተምራለች። እንዲህ ያለችውን ሴት እያየ ያደገ ሰው «ብልህ እናት» ሲባል ለምን ይገረማል? በ1904 ሻንጋይ ላይ የሴቶች የሐር ልማት ትምህርት ቤት መከፈቱ ግምቴን ያጠነክርልኛል።

ያኔ ቻይናን ይገዛ የነበረው የቺንግ መንግሥትም በ1907 ደንብ አውጥቶ የሴቶች ትምህርት ቤቶችን ፈቀደ። ደንቡ የተማሪዎችን እግር ማሰር ከለከለ። ከአምስት ስድስት ዓመቷ ጀምሮ ጣቶቿ ወደ ውስጥ ታጥፈው በጨርቅ ተጠፍረው ላደገች ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መፈክሩ ጠባብ ነበር፤ ሴትን ከቤቷ ውጭ አያያትም። ቻይናዊቷ ቺዩ ጂን ባሏንና ሁለት ልጆቿን ትታ በ1904 ጃፓን ገባች፤ ሺሞዳ ጋ ተማረች። ተመልሳ በሐር ከተማዋ ናንሹን አስተማረች፣ የሴቶች መጽሔት አሳተመች። በሐምሌ 1907 በአብዮተኛነቷ አንገቷ ተቀላ። እሷን ሚስትነትና እናትነት ብቻ አልበቋትም።

ቢሆንም ያን ጊዜ «ልጄን ትምህርት ቤት ልላክ ወይስ ይቅር?» እያለ ለሚያመነታ አባት የሚቀርበው መከራከሪያ ይኸው አባባል ነበር። ዛሬ ልጅን ከትምህርት ገበታ ለማስነሳት የሚጠቅሱት ሰዎች ገልብጠው ይዘውታል። እባካችሁ፣ ከጠቀሳችሁት ከነታሪኩ ጥቀሱት፤ ኮንፊሽየስንም ባላለው አታስወቅሱት።