«ኒውትራል ግራውንድ» ምንድን ነው?

ኒው ኦርሊንስ ውስጥ የማርዲ ግራን ሰልፍ (የእነሱ ቅበላ በሉት) አብራችሁ ለማየት ከሰው ጋር ብትቃጠሩ አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ «የት ነው የምትቆሙት? በእግረኛው መንገድ በኩል ወይስ በኒውትራል ግራውንዱ?» እንግዳ ሰው ግራ ይገባዋል።

ኒውትራል ግራውንድ በሌላው አሜሪካ «ሚዲያን» የሚባለው፣ እኛ የመንገድ አካፋይ የምንለው ነው። የዚህች ከተማ አካፋይ ግን ሰፊ ነው። ሳር አለው፣ ዛፍ አለው፣ አንዳንዱ ጋ ሐዲድ ተዘርግቶበታል። ከአስፋልቱም ትንሽ ከፍ ይላል። ስለዚህ ኃይለኛ ዝናብ ሊመጣ ነው ሲባል ሰው መኪናውን እዚያ ላይ ያወጣል። በሌላ ቀን ያስቀጣል፤ ያን ቀን ግን ማዘጋጃ ቤቱ ክልከላውን ያነሳል።

ስሙ ሲፈታ «ገለልተኛ መሬት» ማለት ነው። የጦር ሜዳ ወሬ ይመስላል። ከጠብም አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1803 አሜሪካ ኒው ኦርሊንስ ያለችበትን ሉዊዚያናን ከፈረንሳይ ገዛች። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ጎረፉ። ክሪዮል የሚባሉት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነባሮች በአሮጌው ሰፈር ቀሩ፤ መጤዎቹ ከካናል ጎዳና ማዶ ሰፈሩ። አይዋደዱም ነበር። በ1836 ከተማዋ ጭራሽ ለሦስት ማዘጋጃ ቤቶች ተከፈለች፣ የተዋሐደችውም በ1852 ነው። በሁለቱ ወገኖች መሃል ያለው የካናል ጎዳና አካፋይ እንግዲህ የማንም አይደለም ተባለ። (በነገራችን ላይ «ካናል» የተባለው ቦይ ታስቦ ቀረ እንጂ አልተቆፈረም። ጎዳናው ያን ያህል የሰፋው ለዚያ በተተወለት ቦታ ነው።) ቆይቶ ስሙ ለከተማዋ አካፋዮች ሁሉ ተረፈ።

መንገድ መሃል እንዲህ ያለ ቦታ ካለ ሐዲድ ማንጠፍ አይከብድም። የሴንት ቻርልስ ጎዳና የትራም መስመር በ1835 ጀመረ። በእንፋሎትም በበቅሎም ሠርቷል፤ በ1893 ወደ ኤሌክትሪክ ዞረ። ዛሬም የ1920ዎቹ አረንጓዴ ትራሞች በሳሩ መሃል እየተንገጫገጩ ያልፋሉ። የካናል ጎዳናው ትራም ግን በ1964 ቀርቶ በአውቶቡስ ተተካ። ያኔ ትራም ያረጀ ያፈጀ ነገር ነበር። በ2004 ተመለሰ። አርባ ዓመት ፈጀ ማለት ነው! ቢሆንም አካፋዩ በቦታው ስለነበረ መመለስ ተቻለ።

ክሌይቦርን ጎዳና ይህን ዕድል አላገኘም። ትሬሜ በተባለው የጥቁሮች ሰፈር በኩል ሲያልፍ ግራና ቀኙ ሱቅ ነበር፤ አካፋዩ ላይ ደግሞ ትልልቅ የኦክ ዛፎች ተደርድረው ነበር። ቤተሰብ ምግቡን ይዞ ጥላቸው ሥር ይውላል። ልጆች ይሯሯጣሉ። ማርዲ ግራም የሚደምቀው እዚያ ነው። በ1966 ዛፎቹ ተቆረጡ፤ በላዩ የፈጣን መንገድ ድልድይ ተሠራ። ለእኔ «ገለልተኛ» የሚለው ስም የሚዋሸው እዚህ ላይ ነው። ካርታ ላይ ቤት የሌለበት ባዶ ቦታ ነው፤ ለሰፈሩ ሰው ግን ግቢው ነበር።

ሱቆቹ እየተዘጉ ሄዱ። ሰዉ ግን አልቀረም፤ በማርዲ ግራ ቀን ዛሬም መኪናው ከላይ እየጮኸ ድልድዩ ሥር ይሰበሰባል፣ ከበሮ ይመታል፣ ስጋ ይጠብሳል። ከድልድዩ ምሰሶዎች አንዳንዶቹ ላይ ሠዓሊዎች የኦክ ዛፍ ሥለውባቸዋል።