የትምህርት ማቋረጥ መጠን ምንድን ነው? አሜሪካ ላሉ ወላጆች

የልጅዎ ሃይስኩል የምርቃት መጠኑ 84 በመቶ ነው ቢባሉ፣ ቀሪው 16 በመቶ ትምህርት አቋርጧል ማለት ይመስላል። ብዙ ወላጅ እንደዚያ ይረዳዋል። ግን ሁለቱ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው።

የምርቃት መጠን የሚሰላው እንዲህ ነው። በአንድ ዓመት ዘጠነኛ ክፍል የገቡ ልጆች አብረው ይቆጠራሉ። በመሀል የመጣ ይጨመራል፤ የተዛወረ ደግሞ ማስረጃ ካለው ይቀነሳል። ከእነዚህ ውስጥ በአራት ዓመት ዲፕሎማ የያዙት ስንት ናቸው ይባላል። በአገር አቀፍ ደረጃ በፈረንጆቹ 2010-11 የትምህርት ዘመን 79 በመቶ ነበር፤ በ2021-22 87 በመቶ ደርሷል። ካልተመረቁት መካከል ግን አምስተኛ ዓመቱን የሚማር አለ፤ ጂኢዲ (የሃይስኩል ዲፕሎማ ምትክ የሆነውን ፈተና) የወሰደም አለ። በዚህ ስሌት ሁሉም ያው «ያልተመረቀ» ናቸው።

የማቋረጥ መጠን ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሌላ ነው። ከ16 እስከ 24 ዓመት ካሉ ወጣቶች፣ ትምህርት ላይ ያልሆኑና ዲፕሎማም ጂኢዲም የሌላቸው ድርሻ ነው። በ2010 8.3 በመቶ ነበር፤ በ2022 ወደ 5.3 ወርዷል።

ልዩነቱ ለእኛ ሰው ትልቅ ጉዳይ ነው። በ17 ዓመቱ ከአገር ቤት የመጣ ልጅ እንግሊዝኛው እስኪፈታለት፣ የጎደለው ክሬዲት (ኮርስ ሲያልፍ የሚያገኘው፣ ለመመረቅ የሚቆጠርለት ነጥብ) እስኪሟላ አምስተኛ ዓመት ሊያስፈልገው ይችላል። ወደኋላ ቀረ ብላችሁ አትፈሩ። በአምስት ዓመት የተገኘ ዲፕሎማም ዲፕሎማ ነው። «ዕድሜው ገፍቷል፣ ጂኢዲ ይሻለዋል» ሲባልም ቶሎ እሺ አትበሉ። ለምሳሌ ሜሪላንድ ውስጥ 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ የመንግሥት ትምህርት ቤት በነጻ የመማር መብት አለው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ዘጠነኛ ክፍል ነው። እኛ ያደግነው በማትሪክ ስለሆነ ሁሉም ነገር መጨረሻው ዓመት ላይ የሚወሰን ይመስለናል። እዚህ ግን ክሬዲት ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ይጠራቀማል፣ ወይም ይጎድላል። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2005 ያወጡት ጥናት የከተማዋን ተማሪዎች ተከታትሎ ነበር። ዘጠነኛ ክፍልን ቢያንስ በአምስት የሙሉ ዓመት ክሬዲት የጨረሰና በዋና ዋና ትምህርቶች ከአንድ ሴሚስተር በላይ ኤፍ (የመውደቂያ ውጤት) ያላገኘ ልጅ፣ በአራት ዓመት የመመረቅ ዕድሉ ከሌሎቹ ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ትምህርት የሚተወው አስራ አንደኛ ክፍል ላይ ቢሆንም፣ ነገሩ የተበላሸው ቀደም ብሎ ነው።

ሌላው ከትምህርት ቤት መቅረት ነው። ከትምህርት ቀናት 10 በመቶ የቀረ ልጅ «ሥር የሰደደ ቀሪ» አለበት ይባላል። በ180 ቀን ሲሰላ 18 ቀን፣ በወር ሁለት ቀን ገደማ ማለት ነው። ፈቃድ የተጠየቀበትም ይቆጠራል። እናቱን ሐኪም ቤት ለማስተርጎም የቀረ ልጅም ያው ቀርቷል።

ስለዚህ ካውንስለሩን (የትምህርት ቤቱን የተማሪ አማካሪ) ዘጠነኛ ክፍል ላይ፣ ያውም ከገና በፊት አግኙት። «ልጄ እስካሁን ስንት ክሬዲት አለው? እስካሁን ስንት ሊኖረው ይገባ ነበር? ስንት ቀን ቀርቷል?» በሉት። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ቀጠሮ ስትይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ልጁ ራሱ የራሱን ውጤት እንዲያስተረጉምላችሁ አታድርጉ።