ማነቆ ምንድን ነው? ፋብሪካ ከማስፋታችሁ በፊት

ፋሲካ ሲቃረብ ደብረ ማርቆስ ወፍጮ ቤት የተሰለፈ ሰው ማነቆን ያውቀዋል። ጤፉ ተነፍቶ ደርሷል። አህያው ጭኖ አምጥቷል። ቤት ውስጥ ምጣዱ ይጠብቃል። ወፍጮው ግን አንድ ነው፤ ጆንያው እስከ በሩ ተደርድሯል። በዚህ ሰዓት ሌላ አህያ ብትጨምሩ ወረፋው ይረዝማል እንጂ እንጀራው አይፈጥንም። ማነቆ ማለት እንዲህ ነው፦ በተያያዘ ሥራ ውስጥ የሁሉንም ፍጥነት የሚወስነው፣ ከሁሉ የሚዘገየው ቦታ።

ከተማ እየገነባን ማዕድን የምናወጣባቸው ጌሞች ላይ ብዙ ጀማሪ የሚቸገረው እዚህ ነው። አብረውኝ የሚጫወቱ ልጆችም ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ዕቃ ሲያጥር ዓይናቸው የገባውን ሕንፃ ያሰፋሉ። ገንዘቡ ያልቃል፤ እጥረቱ ግን እንዳለ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን አኖ 1800 የሚባለውን ጌም እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ይመቻሉ። የብረት ቢም፣ ማለትም ለግንባታ የሚሆን የብረት አግዳሚ፣ ለማምረት አራት ዓይነት ሕንፃ ያስፈልጋል። ማዕድን ማውጫው በየ15 ሰከንዱ አንድ ቶን የብረት ማዕድን ያወጣል። ከሰል ማክሰያው በየ30 ሰከንዱ አንድ ቶን ከሰል ይሰጣል። ማቅለጫው ሁለቱን ተቀብሎ በ30 ሰከንድ አንድ ቶን ብረት ያቀልጣል። የቢም ፋብሪካው ያንን ብረት በ45 ሰከንድ ቢም ያደርገዋል።

ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ሠራን እንበል። በ3 ደቂቃ ማውጫው 12 ቶን ማውጣት ይችላል። ማክሰያውና ማቅለጫው እያንዳንዳቸው 6። የቢም ፋብሪካው 4 ብቻ። ታዲያ ቢም አነሰ ብሎ ሁለተኛ ማውጫ የሚሠራ ሰው አህያ ጨመረ ማለት ነው። ማዕድኑ መጋዘን ይሞላል፣ ከዚያ ማውጫው ራሱ ይቆማል።

ማነቆው የቢም ፋብሪካው ነው። ሁለተኛ ስንጨምርለት 8 ቶን የመሥራት አቅም ያገኛል። የሚደርሰው ብረት ግን 6 ቶን ነው። አሁን ማነቆው ወደ ማቅለጫው ተዛውሯል። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ማነቆ ቦታ ይቀይራል፣ ስለዚህ ካሰፋችሁ በኋላ ሁሉ እንደገና ማየት አለባችሁ። ማቅለጫ ስትጨምሩ ከሰሉም አብሮ መጨመር አለበት። 1 ማውጫ፣ 2 ማክሰያ፣ 2 ማቅለጫና 3 የቢም ፋብሪካ ሲሆኑ ሁሉም በ3 ደቂቃ 12 ቶን ላይ ይገናኛሉ።

ከሰሉ ላይ ትንሽ ልቆይ። አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል የሚያከስል ገበሬ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ዛፉ ካልደረሰ ማክሰያ ቢበዛ ከሰል አይበዛም። ጌሙም እንደዚያው ነው። ማክሰያው በዙሪያው በቂ ዛፍ ካላገኘ ምርቱ ይወርዳል።

ማነቆውን ለማግኘት ሕንፃዎቹን አንድ በአንድ ነክታችሁ እዩ። ግብዓት አጥቶ የቆመ ካለ ችግሩ ከእሱ በፊት ነው። ምርቱ ሞልቶበት የቆመ ካለ ችግሩ ከእሱ በኋላ ነው። ዕቃ ፊቱ ተከምሮ፣ ያለ ዕረፍት እየሠራ የማይደርስበት ካለ ግን አገኛችሁት።

ሁሉም አንድ ላይ ከቀዘቀዙስ? የሠራተኛውን ቁጥር እዩ። ሰው ካነሰ ያኔ መሠራት ያለበት መኖሪያ ቤት ነው።