ኬ ቫሊዩ ምንድን ነው? ሰንጠረዥ ላይ የሚፈለግ ቁጥርስ ነው?

«ለቀይ አፈር ኬ ስንት ነው?» ብሎ አንድ ልጅ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጠየቀ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መልስ መጣለት፦ «24,000 አስገባ፣ ይሠራል።» ሦስት ሰው ላይክ አደረገው። እኔ ቡናዬን አስቀምጬ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ኬ ማለት፣ መሠረት ወይም ወለል ስናሰላ ለአፈሩ የምናስገባው ቁጥር፣ መሬቱ ላይ ያረፈው ግፊት መሬቱ ለሰመጠበት ልክ ሲካፈል ነው። አለቀ። መለኪያው ኪሎኒውተን በሜትር ኩብ ስለሆነ የአፈር ክብደት የሚመስለው አይጠፋም። ኪሎፓስካል በሜትር ብላችሁ አንብቡት።

እኔን የሚያናድደኝ ኬን የአፈሩ ጠባይ ማድረግ ነው። ኬ የአፈሩም የተጫነበት ነገርም ነው።

ነገሩ የመጣው ከጀርመናዊው መሐንዲስ ከኤሚል ዊንክለር ነው፣ 1867። መሬቱን እንደ ሞላ ፍራሽ አሰበው፤ እያንዳንዱ ሞላ ለየብቻው የሚሰምጥ፣ ጎረቤቱን የማያውቅ። በእኛ ቤት ፍራሽ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ስትቀመጡ የተኛው ሰው ወደ እናንተ ይንከባለላል። የዊንክለር ፍራሽ ላይ ንቅንቅ አይልም። አፈር የእኛን ቤት ፍራሽ ነው የሚመስለው፤ ጎረቤቱን ይዞ ይሰምጣል።

አሁን አምስት ፍራሽ ደራርቡ። የላዩ አዲስ፣ የሥሮቹ ያለቀላቸው። በአውራ ጣት ብትጫኑ የምታውቁት የላዩን ብቻ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ሲጋደምበት የታችኞቹ ጉዳቸው ይወጣል።

ኬ የሚለካበት የሜዳ ሙከራ፣ ፕሌት ሎድ ቴስት፣ አውራ ጣቱ ነው። አፈር የጫነ ሲኖ እናቆማለን፣ ከሥሩ ጃክ እናስገባለን፣ ዲያሜትሩ 762 ሚሊሜትር የሆነ ክብ ብረት እንጫናለን። ስምጠቱን የሚለካው ዳያል ጌጅ 1.25 ሚሊሜትር ሲያሳይ ግፊቱ 50 ኪሎፓስካል ከሆነ፣ ኬ 40,000 ነው። ብረቱ የሚፈትሸው የወርዱን እጥፍ ያህል ጥልቀት ነው፣ 1.5 ሜትር ገደማ። ወርዱ 10 ሜትር የሆነ ማት (ሕንፃውን በሙሉ የሚሸከም አንድ ወጥ የኮንክሪት መሠረት) ግን ጫናው 20 ሜትር ድረስ ይወርዳል። ሸክላ አፈር ላይ ወርድ በጨመረ ቁጥር ኬ በዚያው ልክ ስለሚቀንስ፣ 40,000ው ማቱ ሥር 3,000 ገደማ ይሆናል። አፈሩ እኮ አልተቀየረም!

24,000 ከየት መጣች? የአፈር ሪፖርቱ የሚፈቀደው የመሸከም አቅም 200 ኪሎፓስካል ነው ይላል። የመጨረሻ አቅሙን ለማግኘት በሴፍቲ ፋክተር (ለጥንቃቄ የተካፈለበት ቁጥር) 3 ይባዛል፣ ቀጥሎ በ40። 40ዋ 1 ለ0.025 ሲካፈል ነው። ማለትም አፈሩ የመጨረሻ አቅሙ ላይ ሲደርስ 25 ሚሊሜትር ይሰምጣል ተብሎ ተገምቷል። ማን ለካው? ማንም። እዚያው ሪፖርት ላይ ገጽ ገለጥ ስታደርጉ «በ100 ኪሎፓስካል 50 ሚሊሜትር ይሰምጣል» ካለ፣ ኬ 2,000 ነው። አሥራ ሁለት እጥፍ ልዩነት።

«ስንሠራበት ኖረናል፣ ምን ሆነ?» ይላል መላሹ። የኮንክሪት መንገድ ከሆነ ምንም ላይሆን ይችላል። የጎማ ጫና ትንሽ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ፕሌቱም ለእሱ ይመጥናል። ዌስተርጋርድ የተባለ መሐንዲስ በ1926 ባወጣው የኮንክሪት መንገድ ስሌት ደግሞ ኬ የሚገባው በአራተኛ ሩት (የስኩዌር ሩቱ ስኩዌር ሩት) ነው። እጥፍ ብታደርጉት ስሌቱን የሚመራው ርዝመት የሚያጥረው 16 ከመቶ ብቻ ነው። ማት ላይ ግን መሐሉና ጠርዙ እኩል አይሰምጡም፤ ኮንክሪቱ ውስጥ የሚገባው ፌሮም የሚታሰረው ያንን ልዩነት ተከትሎ ነው። መጋዘን ወለል ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ፎርክሊፍቱንና ለወራት የሚከመረውን ጆንያ በአንድ ኬ አታስሉ። ሸክላ ቀስ እያለ ነው የሚሰምጠው።

ካነሣሁት አይቀር ዋልካም አለ። በየካቲት የተሰነጠቀ ዋልካ ላይ ፕሌት ብታስቀምጡ ድንጋይ የሚያስንቅ ቁጥር ታገኛላችሁ። በነሐሴ ያው ቦታ ጫማ ያስቀራል። ሲያብጥ ደግሞ ወለሉን ወደ ላይ ይገፋል፤ ኬ ስለዚህ ምንም አይነግራችሁም።

ልጁን በውስጥ መስመር «የማቱ ወርድ ስንት ነው?» አልኩት።

«ወርዱ ምን ያደርጋል?» አለኝ።