ስለ ሃንስ ደሴት በስህተት የሚወሩ ነገሮች

በዴንማርክ ሥር ባለችው ግሪንላንድና በካናዳዋ ኤልስሚር ደሴት መካከል ናሬስ የሚባል ጠባብ የባሕር መተላለፊያ አለ። ሃንስ ደሴት የምትገኘው እዚያ መሃል ነው። ስፋቷ 1.3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ሰው አይኖርባትም።

«ዋልታ አካባቢ ስለሆነች በረዶ የተጫናት ናት።» ዙሪያዋ ያለው ባሕር አብዛኛውን ዓመት በረዶ ነው። እሷ ግን ዛፍ የሌለባት ራቁት ድንጋይ ናት።

«ሃንስ አንድ የአውሮፓ አሳሽ ነው።» በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ሃንስ ሄንድሪክ የግሪንላንድ ተወላጅ፣ ኢኑይት (የሰሜን ዋልታ አካባቢ ነባር ሕዝብ) የሆነ አዳኝና መንገድ መሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1871 ፖላሪስ በምትባል መርከብ ወደ ሰሜን ዋልታ የወጡት አሜሪካውያን ከነቤተሰቡ ይዘውት ሄዱ። ደሴቷ በስሙ የተጠራችውም በዚያ ጉዞ ነው። በኦክቶበር 1872 ማዕበል 19 ሰዎችን ከመርከቧ ነጥሎ ተንሳፋፊ በረዶ ላይ አስቀራቸው። ሃንስ፣ ሚስቱና ልጆቹ እዚያው ነበሩ፤ የመጨረሻው ገና የ2 ወር ጨቅላ ነበር። ሃንስና ጆ የሚባል ሌላ ኢኑይት አዳኝ አቆስጣ እያደኑ ያን ሁሉ ሰው መገቡ። ከ6 ወር በላይ ሲንሳፈፉ ቆይተው በኤፕሪል 1873 ሌላ መርከብ አገኛቸው። አንድም ሰው አልሞተም! ለእንዲህ ያለ ሰው አንዲት ትንሽ ደሴት ታንሰዋለች።

«ከዚያ በፊት ስም አልነበራትም» የሚሉም አሉ። የአካባቢው ኢኑይቶች ታርቱፓሉክ ይሏታል። ቅርጿ ኩላሊት ስለሚመስል ነው።

«ካናዳና ዴንማርክ የተጣሉባት ለነዳጅ ነው።» በደሴቷ ላይ የታወቀ ነዳጅ የለም። በ1973 ሁለቱ አገሮች የባሕር ወሰናቸውን ሲያሰምሩ መስመሩ ደሴቷ ጋ ሲደርስ ተቋረጠ፤ ከወዲያኛው ዳርቻዋ ደግሞ ቀጠለ። የማን እንደሆነች ሳይወሰን የቀረው ያኔ ነው። በ1984 ካናዳውያን ባንዲራ ተክለው ውስኪ አስቀመጡ። ዴንማርኮችም መጥተው የራሳቸውን ባንዲራና የአገራቸውን አረቄ ተዉ። «የውስኪ ጦርነት» የተባለው ይኼ ነው፤ የተተኮሰ ጥይት የለም። ወሬው ጠርሙሱ ላይ ሲያተኩር፣ ቦታውን ከሁሉም ቀድመው የሚያውቁት ኢኑይቶች ተረሱ።

«ክርክሩ ዛሬም አልተፈታም» ማለትም ቀርቷል። ጁን 14 ቀን 2022 ደሴቷን ለሁለት ለመካፈል ተፈራረሙ። ወሰኑ ድንጋዩ ላይ ያለውን የተፈጥሮ ስንጥቅ ይከተላል፤ ሰፋ ያለው ክፍል ለዴንማርክ ደረሰ። ስለዚህ «ካናዳ በየብስ የምትዋሰነው ከአሜሪካ ጋር ብቻ ነው» የሚለውም አይሠራም። ስምምነቱ የሁለቱም ወገን ኢኑይቶች እንደ ድሮው ለአደን ወሰኑን እንዲሻገሩ ይፈቅዳል።